ቀዩ ሐይቅና አረንጓዴው መስታወት

ከወላይታ ሶዶ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች በአንዱ፣ ከመቀበያው ጠረጴዛ ባሻገር፣ የጧት ፀሐይ እስከ ቀትር በምታርፍበት መስኮት ሥር፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ የሚሆን የዓሣ መስታወት ተቀምጦ አይቻለሁ። ያየሁት ግን መስታወቱን እንጂ ዓሣውን አልነበረም፤ ውሃው የጎመን ቅቅል መስሎ፣ ግድግዳውም በአረንጓዴ ልጋግ ተሸፍኖ፣ አንዲት ቀይ ጅራት ብቻ አልፎ አልፎ ብልጭ ብላ ትጠፋ ነበርና። አስተናጋጁ ልጅ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ጋሼ፣ በየሳምንቱ እናጥበዋለን፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይኸው ነው» አለኝ። እጄን ከላይ አግብቼ በጣቴ ጫፍ ጠረግ ባደርገው የጣቴ መንገድ ጠርቶ ታየ፤ በዚያችም ቀጭን መንገድ አንድ ወርቃማ ዓሣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ መጥቶ ተመለከተኝ።

ከዚያ ወጥቼ ሳስበው የልጁ ችግር አዲስ አለመሆኑን፣ መልሱም ሩቅ አለመሆኑን ተረዳሁ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ቆላው የተመለከተ ሰው ዐባያን ያያል፤ ዐባያም ከሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ፣ መልኩም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሳይሆን እንደ ሸክላ የቀላ ሐይቅ ነው። ብላቴ፣ ሐመሳ፣ ጊዳቦ፣ ገላናና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ የሚያወርዱት ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል፤ ሐይቁ ጥልቀት የለውምና ነፋስ በመታው ቁጥር ዝቃጩ ደግሞ ይነሣል፤ ብርሃንም ጥቂት እንደ ገባ ይሞታል። ከእርሱ በስተ ደቡብ፣ የእግዜር ድልድይ ብለው በሚጠሩት ቀጭን የምድር ወገብ ብቻ ተለይቶ የሚገኘው ጫሞ ግን፣ ፀሐይዋ ያችው፣ ዝናሙም ያው ሲሆን፣ አረንጓዴ ነው። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ልዩነት የተረዳ ሰው፣ የዚያ የመስኮት ሥር መስታወት ምሥጢር ከግማሽ በላይ ተገልጦለታል።

የእኛ ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው አትክልትንና ዕፀዋትን ለዕለተ ሠሉስ፣ ፀሐይን ለዕለተ ረቡዕ፣ በውሃ የሚመላለሱትን ለዕለተ ሐሙስ ይሰጣሉ። የዓሣ መስታወት ጣጣ ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ከሦስቱ ዕለታት ፍጥረታት አለመመጣጠን ነው ብል ሊቃውንቱ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም፤ ይኸውም የሐሙስ ፍጥረት የሆነው ዓሣ በልቶ የጣለውን፣ የሠሉስ ወገን የሆነው ያ አረንጓዴ ልጋግ፣ ማለት አልጌ፣ በረቡዕ ብርሃን እየታገዘ ይመገበዋልና። ዐባያ ምግብ አላነሰውም፤ ያነሰው ብርሃን ነው፤ ስለዚህ አልጌው ዐቅም አጣ። ጫሞ ሁለቱንም አገኘ።

የወላይታ ደገኛ ከዐባያ ጋር የነበረው ዝምድና ለብዙ ዘመን የሩቅ ዝምድና ነበር። እስከ 1887 ዓ.ም.፣ ማለት ካዎ ጦና በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ድል እስከ ሆኑበት ዘመቻ ድረስ፣ በገዛ ነገሥታቱ ሲተዳደር የኖረው ይህ ሕዝብ ኑሮው በእንሰትና በከብት፣ በቦዬና በጎደሬ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የቆላውም ወባ ወደ ሐይቁ ዳርቻ አያቀርበውም ነበር። ሐይቁን እንደ ጓሮው የሚያውቀው በጊዲቾ ደሴትና በዳርቻው የሚኖረው የሐሮ ሕዝብ ነው፤ ከውሃ ዳር በሚበቅል ቀላል እንጨት ታንኳ አስሮ ዓሣ ሲያጠምድና ጉማሬ ሲያድን የኖረ። ደገኛው በብዛት ወደ ሐይቁ የወረደው በ1970 እ.ኤ.አ. የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ዋዱ የተባለው፣ ከተቋቋመ በኋላ በአበላ ቆላ በተደረገው ሠፈራ ነው። ዛሬ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ቆሮሶ የቱ፣ አምባዛ የቱ፣ ነጭ ዓሣ የቱ እንደሆነ ሳይጠየቅ ይነግርሃል፤ አያቱ ግን ምናልባት አንዱንም አልቀመሱም።

የአገራችን ዓሦች ወደ መስታወት የገቡበት ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይቀድማል፤ መስታወቱ ግን የሞት መስታወት ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ወጥቶ ከጣና አካባቢ የሰበሰባቸውን ዓሦች ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ ሲገልጽ፣ ከመካከላቸው አንዲቱን ትንሽ ዓሣ በደምቢያ ስም ጠራት፤ ዛሬ በሳይንስ ቋንቋ ጋራ ደምቤንሲስ ትባላለች። (ጋራ የተባለው የወገኑ ስም ከሕንድ አገር የመጣ ነው እንጂ ከእኛ ተራራ ጋር ዝምድና የለውም።) ኢጣሊያዊው ኦራቲዮ አንቲኖሪ በሸዋ፣ ልጥ ማረፊያ በተባለው ስፍራ በ1882 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ፣ ዴቾ ቪንቺጉዌራ የተባለው የጄኖቫ ሊቅ ከጉዞው ከተገኙት መካከል አንዲት ከጣት የማትረዝም ዓሣ በስሙ ሰየመለት፤ እርስዋም በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ውሆች የምትገኝ፣ ዓይኗ እንደ ፋኖስ የሚያበራ ፍጥረት ናት። ቀጥሎም ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 እ.ኤ.አ. ዐባያ ደርሶ ሐይቁን በኢጣሊያ ንግሥት ስም ማርጌሪታ አለው። ወገኖቹ በዐድዋ በተሸነፉበት በዚያው ዓመት መሆኑን ስናስብ ድፍረቱ ያስደንቃል፤ የሆነ ሆኖ ስሙ በካርታ ላይ ኖሮ ኋላ ረገፈ፣ ዐባያም ዐባያ ሆኖ ቀረ። እነዚህ ሁሉ ዓሦች የደረሱበት የመስታወት ጠርሙስ አልኮል እንጂ ውሃ የሞላበት አልነበረም፤ በአልኮል ውስጥም አልጌ አይበቅልም።

ሕያው ዓሣን በመስታወት ማኖር ሌላ ጥበብ ነው። ቻይናውያን በሶንግ ነገሥታት ዘመን ወርቃማ ዓሣን በኩሬና በኋላም በሸክላ ጋን ሲያራቡ ኖረዋል፤ ውሃውን ሳይለውጡ ዓሣውን ጤነኛ አድርጎ የማኖርን ነገር በሥርዓት የመረመረው ግን ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ነው። በእኛ አገር ካሣ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ ተብለው ሳይነግሡ፣ በ1849 እ.ኤ.አ. ይህ ሰው ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከአንድ የውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ፤ ዓሣው የሚያስወጣውን አየር ተክሉ ይቀበላል፣ ተክሉ የሚሰጠውን ዓሣው ይተነፍሳል ብሎ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች መበስበስ ሲጀምሩ ውሃው ደፈረሰ፣ አረንጓዴውም ልጋግ በዕቃው ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ሶዶው ልጅ ችግር። ዋሪንግተንም ዕቃውን በማጠብ ፋንታ ከኩሬ አምስት ስድስት የውሃ ቀንድ አውጣ አምጥቶ ጨመረበት፤ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውንና ልጋጉን ግጠው ጨረሱ፣ እንቁላላቸውም ለዓሣዎቹ ምግብ ሆነ። ይህን በመጋቢት 1850 ለኬሚስቶች ማኅበር አነበበ፤ በ1853 የለንደን የእንስሳት ማኅበር የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በመጽሐፉ ርእስ አደረገው፤ እብደቱም ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ቀንድ አውጣ ነው። የዚህ ጥበብ የመጀመሪያው ባለሙያ እርሱ ሆኖ ሳለ ስሙን የሚያነሣ የለም።

በእኛ አገር ዓሣን በቤት ውሃ ውስጥ የማኖር ሥራ፣ ለጌጥ ሳይሆን ለጤና፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ያኔ በአገራችን ሥር በነበረው በአሰብ ወደብ ተሞክሯል፤ የቀይ ባሕር ዳርቻ ተወላጅ የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ በጕድጓድ፣ በማጠራቀሚያና በበርሜል ውሃ እየተጨመረች የወባ ትንኝን እጭ እንድትበላ ተደርጎ፣ የጥናቱም ውጤት በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእንግዳ መቀበያውን መስታወት ስመለከት ያቺን የአሰብ በርሜል ዓሣ አስባታለሁ፤ ሥራ ነበራት፣ ለሥራዋም የተመረጠች ነበረች። የእኛ መስታወት ዓሦች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት በቀለማቸው ነው።

በሥራም ቢሆን ነገሩን ሳያመዛዝኑ መምረጥ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ቆሮሶን እንውሰድ። «ቆሮሶ አልጌ ይበላል፣ ስለዚህ መስታወቱን ያጠራልኛል» የሚል ሰው በከፊል እውነት አለው፤ የቆሮሶ ሆድ እጅግ ብርቱ አሲድ ስላለው፣ ብዙ ዓሣ ሊፈጨው የማይችለውን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሳይቀር ይፈጫል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አረንጓዴ ወደ ሥጋ የሚለውጠውም እርሱ ነው። እናቲቱ እንቁላልዋን በአፏ ይዛ፣ ጫጩቶቿም አደጋ ባዩ ጊዜ ተመልሰው በአፏ ሲገቡ ማየት ደግሞ ዋጋ የማይገኝለት ትርኢት ነው። ይሁን እንጂ ቆሮሶ ከክንድ እኩሌታ ያላነሰ ሆኖ ያድጋል፤ አሸዋውን ይቈፍራል፤ ተክሉን ይነቅላል፤ ከሁሉም በላይ የበላውን መልሶ ይጥላል፣ የጣለውም ለቀጣዩ አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። በሐይቅ ውስጥ ይህ ዑደት ሰፊ ስፍራ አለው፤ በሁለት ክንድ መስታወት ውስጥ ግን ስፍራ የለውም። ጫሞ እንኳ ሰፊ ሆኖ ሳለ በ1978 እ.ኤ.አ. አልጌው ከልክ አልፎ ፈልቶበት፣ ነገሩ ተመርምሮ ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ላይ በ1982 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። አልጌ በመዓልት ኦክሲጅን ይሰጣል፤ በሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል፤ እጅግ የበዛ እንደሆነ ንጋት ላይ ለዓሣው የሚተርፍ አየር የለም።

ለሶዶ መስታወት እንግዲህ ምን ይሻላል? ከተማዋ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ 25 ዲግሪ ሙቀት የሚሹትን የሐሩር ዓሦች ያለ ማሞቂያ ማኖር፣ መብራትም በሚቋረጥበት ከተማ፣ ዓሣውን ማሠቃየት ነው። ብርድን የሚታገሥ ወርቃማ ዓሣ፣ ያውም ሁለት እንጂ ስድስት ያልሆነ፣ ወይም ዜብራ የሚባለው ባለ መስመሩ ትንሽ ዓሣ ይበቃል። ወደ ራሳችን ወንዞች ዞር ያለ ሰው ደግሞ ያችን የሩፔልን ጋራ ያገኛታል፤ ከአገጯ በታች ባለው መጣበቂያ ከድንጋይ ላይ ተለጥፋ ወራጁን ውሃ እየተቋቋመች አልጌ ስትፍቅ ትውላለች፤ ዘመዶቿንም ፈረንጆቹ ለዚሁ ሥራ በገንዘብ ይገዟቸዋል። የእኛዋን ግን በአገራችን ለጌጥ ሲያኖራት ያየሁት ሰው የለም፤ እንግዳ ነገር ነው።

የቀረው ሥራ የብርሃንና የምግብ ልክ ማበጀት ነው። መስታወቱን ከመስኮቱ ማራቅ፤ መብራቱን በቀን ከስምንት ሰዓት ያላለፈ ማብራት፤ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ መስጠት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው ሩቡን ብቻ፣ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ክሎሪኑ በወጣለት የቧንቧ ውሃ መለወጥ። ሁሉን አፍስሶ አሸዋውን እስኪነጣ ማጠብ ግን በአሸዋው ላይ የሚኖሩትን፣ የዓሣውን ሽንት መርዝነቱን የሚያጠፉትን ተሕዋስያን መግደል ነው፤ የዚያ ልጅ ድካም በየሦስተኛው ቀን ከንቱ የሚሆነው በዚህም ጭምር ነው። በተመለስሁ ጊዜ ይህንኑ ነገርሁት፤ መስታወቱን እዚያው ቆመን ከመስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርነው።

ዓሣ ማኖር የሰለቸው አንባቢ ቢኖር ደግሞ አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ከሌላ አገር የመጣውን ዓሣ አዝኖለት ወደ ሐመሳ ወይም ወደ ብላቴ አይልቀቀው፤ ለጎረቤት ይስጠው። ሁለቱም ወንዞች የሚገቡት ዐባያ ነው።