ሚዛን፣ ስበትና የዘጌ ቡና



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር ወደ ዘንዘልማ የሚሄድ ነጋዴ አንድ ፈረሱላ፣ ማለት 17 ኪሎ ያህል የዘጌ ቡና ጭኗል እንበል። የዚህ ቡና ክብደት በየትም ስፍራ አንድ ነውን? ጥያቄው የሕፃናት ጨዋታ ቢመስልም ለመልሱ ብዙ ሊቃውንት ደክመውበታል።

አባቶቻችን በጠገራ ብር ይመዝኑ ነበር፤ 28 ግራም ያህል የሚሆነው የአንዱ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ወቄት ይባል ነበር። ፈረሱላው ግን እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ይለያይ ስለ ነበር ለክርክር በር የሚከፍት ነበር።

በ1672 እ.ኤ.አ. ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ በምድር ወገብ አጠገብ ወዳለችው ካየን ሄዶ ሳለ፣ በፓሪስ ልክ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረበት። ኒውተንም በ1687 ምክንያቱን ገለጠ፤ መሬት በዛቢያዋ ስለምትዞርና ወገቧም ስላበጠ በዚያ በኩል ስበቷ ይደክማል።

የፕላኔቶችም ሒሳብ ከዚሁ የተገኘ ነው። የማርስ ግዝፈት ከመሬት 0.107 እጅ፣ ከመካከሏ እስከ ገጿ ያለውም ርቀት 0.53 እጅ ነው። 0.53 በራሱ ሲባዛ 0.28 ይሆናል፤ 0.107 ለ0.28 ሲካፈል 0.38 ይወጣል። እንግዲህ ፈረሱላው በማርስ ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል፣ በ1969 ሰው በረገጣት በጨረቃ ደግሞ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ሆኖም ይህ የሚታየው በሞላ ሚዛን ነው። ባለ ሁለት ሳሕኑ ሚዛን ቡናውን በ606 ጠገራ ብር አስተካክሎ ከቆመ፣ በማርስም እንደዚሁ ይቆማል፤ ስበት ለሁለቱም ሳሕን እኩል ይፈርዳልና።

ነገሩ ከሰማይ ወደ ገበሬው ጓሮ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። በስቶክሆልም ልኩ የተስተካከለ የሞላ ወይም የኤሌክትሪክ ሚዛን፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በጣና ዳር ሲሠራበት ከአንድ ኩንታል 400 ግራም ያህል ያጐድላል። ሚዛኑ አልተሰበረም፤ መዛኙም አልዋሸም፤ ገበሬው ግን ተጐድቷል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሚዛኑን በሚሠራበት ስፍራ፣ ልኩ በታወቀ የብረት መመዘኛ መፈተን ነው። ስለዚህ ሚዛንን የሚቈጣጠር የመንግሥት ሠራተኛ ቅንነቱ ላይ ዕውቀትን ሊጨምርበት ይገባል።