«ለማየት ብቻ» ስንት ይከፈላል?

መኪናው ጋራዥ ገብቶ፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ቴስታታው መሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ የተፈረደበትን ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ነው። ዋጋው ቢበዛበት እንኳ «ይቅርብኝ» ለማለት አቅም የለውም። የተፈታ ሞተር ይዞ የት ይሄዳል?

በጋራዦች፣ በቴሌቪዥንና በፍሪጅ ጠጋኞች፣ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ባለሙያው «ብልሽቱን ለማግኘት ያጠፋሁት ግማሽ ቀን ሥራ አይደለም ወይ?» ይላል። ደንበኛው በበኩሉ «ሳይሠራልኝ የምን ክፍያ?» ይላል።

በእኔ እምነት ጭቅጭቁ የሚመጣው ሁለት ነገሮችን ስለምናምታታ ነው። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን በሜትር ለክቶ ዋጋ ቢነግረን፣ ወይም ሱቁ ፕሮፎርማ ቢጽፍልን፣ ይህ ገበያ የመፈለጊያ ወጪው ነውና ሊያስከፍለን አይገባም። ሞተር ፈትቶ፣ በኮምፒውተር ቼክ አድርጎ፣ የተቃጠለውን መስመር ተከታትሎ «ችግሩ ይህ ነው» ማለት ግን ምርመራ ነው። ለሐኪም የካርድና የላቦራቶሪ እየከፈልን ለመካኒክ ሲሆን የምናጉረመርምበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1679 ውልን በተዋዋዮቹ ስምምነት ላይ ይመሠርተዋል። አንቀጽ 2610 ደግሞ የሥራ ውልን ሲተረጉም፣ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ ነው ይላል። ብልሽትን ለይቶ ማወቅም ራሱን የቻለ ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ከተስማሙ ክፍያው ሕጋዊ ነው። ካልተስማሙስ? በተለምዶ «ዝምታ መስማማት ነው» እንላለን፤ ሕጉ ግን በአንቀጽ 1682 በመርህ ደረጃ ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። አስቀድሞ ሳይነገር መጨረሻ ላይ ብቅ የሚል «የቼክ ሒሳብ» ለደንበኛው ዕዳ ከሜዳ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴው የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ፣ ሸማቹም ጥራት ወይም አማራጭ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ ደንግጓል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የምርመራ ክፍያ ክልክል ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። ድንጋጌው የሚከለክለው አይተሃልና አስጠግን ብሎ ማስገደድን እንጂ፣ በስምምነት ለተሠራ ምርመራ መክፈልን አይደለም።

ነጻ የሚባለው ምርመራ የሚያስከትለው ሌላም ጣጣ አለ። ለምርመራ የማይከፈለው መካኒክ ገንዘብ የሚያገኘው የሚቀየር ዕቃ ሲያገኝ ብቻ ነው። «መኪናህ ደህና ነው፣ ሂድ» ያለ ዕለት ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። እውነቱን የነገረንን ሰው ቀጥተን፣ ያለበቂ ምክንያት ፍሪሲዮን የቀየረብንን የምንሸልምበት አሠራር ነው። ከዚያም በላይ፣ ዋጋ ጠይቀው የሄዱት ሰዎች ያስጠፉት ጊዜ ባስጠገኑት ሰዎች የእጅ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይመጣል።

የደንበኛውም ሥጋት መሠረት አለው። ሦስት ጋራዥ አወዳድሮ መወሰን የሚፈልግ ሰው ሦስት ጊዜ ሊከፍል ነው። በግምት ተናግሮ «የምርመራ» የሚያስከፍልም አይጠፋም። ስለዚህ ክፍያው አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት እላለሁ፦

1. መጠኑ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ይነገር፤ ቢቻል ይጻፍ።
2. መልሶ መግጠምን ይጨምር፤ አለበለዚያ ደንበኛው እስረኛ ነው።
3. ውጤቱ በጽሑፍ ለደንበኛው ይሰጥ፤ ሌላ ጋራዥ ወስዶ ዋጋ ይጠይቅበት።
4. እዚያው ካስጠገነ ከሒሳቡ ይቀነስለት።

ሦስተኛው ነጥብ ከተከበረ ሦስት ጊዜ የመክፈሉ ሥጋት በአብዛኛው ይቃለላል፤ በአንድ ምርመራ ሦስት ዋጋ ማወዳደር ይቻላልና።

እኛ ቢሮ የምንውል ሰዎችም ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ። አሸናፊው አስቀድሞ ታውቆ ሳለ ለአጃቢነት ሁለት ፕሮፎርማ የምናስጽፍ ስንቶች ነን? ያ ባለሱቅ ወረቀቱን በነጻ ቢሰጠንም ጊዜውን ወስደንበታል። የሰውን ሙያና ጊዜ ዋጋ እንዳለው መቁጠር የሚጀመረው ገንዘብ ከመክፈል በፊት፣ ያለ ምክንያት ባለማስለፋት ነው።