እርድ የጉድጓዱን መርዝ ያጠፋል?

ባንግላዴሽ ውስጥ የኩሬና የወንዝ ውኃ በተቅማጥና በኮሌራ ብዙ ሕፃናትን ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥትና ዩኒሴፍ መፍትሔ ብለው በእጅ ፓምፕ የሚቀዱ ጉድጓዶችን በየመንደሩ አስፋፉ። ውኃው ኩልል ያለ ነበር። አርሴኒክ ይኑርበት አይኑርበት ግን አልተመረመረም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከድንበሩ ማዶ፣ በሕንዷ ካልካታ፣ የቆዳ ሐኪሙ ኬ. ሲ. ሳሃ ቆዳቸው የጠቋቆረና መዳፋቸው የሻከረ ገበሬዎችን መርምረው መንስኤው የጉድጓድ ውኃ መሆኑን ለዩ። በባንግላዴሽ መርዙ የተረጋገጠው በ1993 ነው። በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ለአደጋ የተጋለጠው ሕዝብ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን ተገመተ።

አርሴኒክ የሕዋሳትን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ጉዳቱ እንዳይጠገንም ያደናቅፋል። የካልካታ ተመራማሪዎች ኩርኩሚን የተባለውን፣ እርድን ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር፣ ለምዕራብ ቤንጋል መንደርተኞች ሰጥተው የዲኤንኤ ጉዳቱ መቀነሱን አዩ። ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም በቀላሉ አይገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውየው ነገም የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው።

ብዙ ሰው ያዳነው ቀላል ሥራ ነበር፦ ጉድጓዱን መርምሮ መርዛማውን ቀይ፣ ደህናውን አረንጓዴ መቀባት። ቀለምም ሽታም የሌለውን መርዝ ዓይን አይለየውም። ምርምሩ ይቀጥል፤ እንክብሉ ግን ንጹሕ ውኃ ላላቀረበ መንግሥት ማምለጫ መሆን የለበትም።