ቆራሊዮ የማይገዛው ዕቃ፦ የፌስታል ታሪክ በእኛ መንገድ

እህል የምንጭንበትን ጆንያ «ማዳበሪያ» የምንለው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ማዳበሪያ ይዞ ስለመጣ ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን ማሳው ላይ በትኖ ጆንያውን አልጣለውም። አጥቦ ጤፍ ከተተበት፤ ከጤፉ በኋላ ከሰል ተጫነበት፤ ሲያረጅ ደግሞ የጉልት ቸርቻሪ መሬት ላይ አንጥፋ ሽንኩርቷን መደበችበት። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። «ሃይላንድ»ም እንደዚያው ነው፤ ውኃው ካለቀ በኋላ ዘይት፣ ማር፣ አረቄ ይያዝበታል።

አሁን በየስብሰባው «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ሲባል ስሰማ እነዚህ ሁለቱ ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሳለን ገበያ የሚኬደው በዘንቢል ነበር፤ ዘይት የሚገዛው ከቤት በተያዘ ጠርሙስ ነው፤ ስኳሩ በወረቀት ይጠቀለላል። ለስላሳ ለመውሰድ ባዶ ጠርሙስ ወይም መያዣ ማስቀመጥ ግድ ነው። የተሰበረ ድስት ለቆራሊዮ ይሸጣል፤ እሱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፤ እዚያ የተቀጠቀጠው ምድጃ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ናይሮቢ ካሙኩንጂ የሄደች ሴት ያንኑ የመዶሻ ድምፅ ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ያዘዘ መመሪያ አልነበረም። ባዶው ዕቃ ዋጋ ስለነበረው ብቻ ነው የዞረው።

ከዚያ ፌስታል መጣ። ነጻ ነው፤ ቀላል ነው፤ ዝናብ አያስገባም። እኛ ነጋዴዎችም ወደድነው፤ እውነቱን እንናገር። ነገር ግን ቆራሊዮ ፌስታል አይገዛም። ታሪኩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

(ድንበር ተሻጋሪ ስለሆንን ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

በአካባቢያችን ቀድማ ያገደችው ኤርትራ ናት፤ በ2005። ዛንዚባር በ2006 ተከተለች። ሩዋንዳ በ2008 ማምረቱንም፣ ማስገባቱንም፣ መሸጡንም፣ መጠቀሙንም በሕግ ከለከለች፤ ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ሳይቀር ይቀበሉ ጀመር። ኡጋንዳ በ2009 ቀጭኑን አገድኩ ብትልም ገበያው ሳይሰማ ቀረ። የእኛዋ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2007 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ የማይበሰብስ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደነገገች። መርካቶ ውስጥ ግን ሜክሮ ሜትር ይዞ ፌስታል የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም።

ኬንያ በ2007 ሞከረች፤ በ2011 ደገመች፤ ሁለቱም አልሠሩም። ዋንጋሪ ማታይ ቀጫጭኑ ፌስታል ውኃ እያቆረ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል እያሉ ሲወተውቱ ኖረው በ2011 አረፉ። ሦስተኛው ሙከራ የካቲት 2017 ላይ በጋዜጣ ታወጀ፤ ነጋዴው የስድስት ወር ጊዜ ተሰጠው። የአምራቾቹ ማኅበር 60,000 ሰው ሥራ ያጣል ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤትም ተሄደ፤ አልሆነም። ኦገስት 28 ቀን 2017 ሥራ ላይ ዋለ። ቅጣቱን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፦ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ወይም ከአንድ እስከ አራት ዓመት እስር።

እኔ በዚያው ሰሞን ኢስሊ ላሉ ደንበኞቼ በየኪሎው በፌስታል የታሸገ ሽሮና በርበሬ ይዤ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ እየወረድኩ ነበር። ስለ ሕጉ ሰምቻለሁ፤ የእኔን ዕቃ ይመለከታል ብዬ ግን አላሰብኩም። አንድ ፍተሻ ላይ አውርደውኝ «ወይ ፌስታሉን ባዶ አድርጊው፣ ወይ ከፌስታሉ ጋር ትቀሪያለሽ» ተባልኩ። እያለቀስኩ ሁለት ጆንያ ውስጥ ገለበጥኩት። ጨለማ ስለነበር ግማሹ በርበሬ ከሽሮው ጋር ተቀላቀለ። የዚያን ጉዞ ኪሳራ ለመሙላት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ኪሳራውን አምኜ ተቀብያለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያው አውቶቡስ ላይ በፕላስቲክ የታሸገ የፋብሪካ ብስኩት በካርቶን ተጭኖ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ሕጉ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ በቀጥታ የሚታሸግበትን ፕላስቲክ ከእገዳው ውጭ አድርጎታል። በእጇ የምታሽግ ሴት ግን ፋብሪካ አይደለችም።

ያም ሆኖ እገዳውን አልጠላሁትም። መንገዱ ዳር ያለው እሾህ ላይ ተሰቅሎ ይውለበለብ የነበረው ፌስታል እየቀነሰ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘመኑንም አስታውሱ፦ መጋቢት 2017 አዲስ አበባ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ከዚያ ክምር ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። እኛ ዋጋ የለውም ብለን የጣልነው ነው ተከምሮ የተናደው።

ችግሩ መከልከል ብቻውን ዕቃውን አለማዞሩ ነው። ፌስታል ሲታገድ ኮንትሮባንድ ሆነ፤ ከጎረቤት አገር በድብቅ እየገባ በውድ ተሸጠ። በቦታው ጨርቅ የሚመስለው ከረጢት መጣ፤ እሱም ፕላስቲክ ነው፤ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ አንዴ ተይዞ የሚጣል ሆነ። በ2019 የኬንያ የአካባቢ ባለሥልጣን እሱንም ለማገድ ማስታወቂያ እስከማውጣት ደረሰ። ታንዛኒያም በዚያው ዓመት በጁን 1 የራሷን እገዳ ጀመረች።

አዋጁ ወደ ቆራሊዮ ሒሳብ የቀረበው ዘግይቶ ነው። ኬንያ በ2022 ባወጣችው የቆሻሻ አያያዝ ሕግ ላይ አምራቹ ገበያ ላይ ላዋለው ማሸጊያ እስከ መጨረሻው ኃላፊ ይሁን የሚል ሐሳብ ገባ። ይህ ከእገዳው ይበልጣል ባይ ነኝ። ሃይላንድ ከየመንገዱ የሚለቀመው በኪሎ የሚገዛው ስላለ ነው። አምራቹ ለተመለሰ ማሸጊያ እንዲከፍል ከተገደደ ሌላውም ይለቀማል፤ ለቃሚዋም ትበላለች።

ኢትዮጵያ በ2025 ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቃለች፤ መጠቀምም ያስቀጣል። ስለዚህ ከሞያሌ ወዲህም ወዲያም አንድ ዓይነት ፍተሻ እየመጣ ነው። እዚህኛው ላይ በእጇ የምታሽገዋ ሴት ከወዲሁ ትጠየቅ፤ ምን መያዝ እንደሚቻል በግልጽ ይነገረን። ማኅበር ያላችሁ በማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ፤ እንደኔ ጨለማ ውስጥ ጆንያ እስክትገለብጡ አትጠብቁ።

እኔ ሽሮውን አሁን በድርብ አቡጀዲ ከረጢት እሰፋለሁ። በርበሬው ጨርቁን ስለሚያቀላው ክዳን ባለው ባልዲ ነው የሚሄደው። እንደ ለስላሳ ጠርሙሱ ለከረጢቱም ለባልዲውም መያዣ እቀበላለሁ። ኢስሊ ያሉት ደንበኞቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን አብዛኛው ይመለስልኛል። የማይመለሰውን ከመያዣው እችለዋለሁ።