የላንጋኖ ቡናማ ውሃና የአረንጓዴ ቅጠል ሥራ

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ ለሚጓዝ ሰው ላንጋኖ በስተግራው ይታያል። ውሃው ቡናማ ነው፤ ምክንያቱም ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ስለሚገኝበት ነው። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ይህ ሐይቅ ስለ ዕፅዋት አመጋገብ ምን እንደሚያስተምር ለአንባቢያን ለማስረዳት አስበናል። ይህንም ለማድረግ ከታሪኩ መነሣት ይገባል።

በጥንት ዘመን ዛፍ የሚያድገው አፈር በልቶ ነው ይባል ነበር። የብራስልስ ተወላጅ የሆነው ቫን ሄልሞንት ግን በ200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ላይ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተክሎ፣ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 169 ፓውንድ ሆነች፤ ከአፈሩ የጐደለው ግን 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር። እርሱም ክብደቱ ሁሉ ከውሃ የመጣ ነው አለ። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1771 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ ሻማ ነዶ በጠፋበት ዝግ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኖረ፤ ከቀናት በኋላ በዚያው አየር ሻማ እንደ ገና ነደደ። በ1779 ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁዝ፣ አየሩን የሚያድሰው የተክሉ አረንጓዴ ክፍል መሆኑን፣ ይኸውም በብርሃን እንጂ በጨለማ እንዳልሆነ አስረዳ። በኋላም ዣን ሴኔቢየ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንደሚወስድ ገለጠ፤ በ1804 ኒኮላ ደ ሶስዩር ውሃም የተክሉ አካል እንደሚሆን በሚዛን አረጋገጠ። እንግዲህ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል፤ ኦክሲጅንም ይለቃል። ይህም ፎቶሲንተሲስ፣ በአማርኛ ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል።

በአገራችንም ይህ ሥራ ተለክቷል። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቃቃን የውሃ ዕፅዋት የተሞላ ነበር። ታሊንግና ባልደረቦቹ በዚያ የለኩትን በ1973 ሲያሳትሙ፣ በውሃ ውስጥ ከታወቁት ከፍተኛ የፎቶሲንተሲስ ልኮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሐይቅ ብርሃኑን የሚይዘው አረንጓዴው ዕፅ ነበር፤ በላንጋኖ ግን አብዛኛውን የሚይዘው አፈር ነው። ሐይቁ ከ40 ሜትር በላይ ጥልቀት ቢኖረውም ብርሃን የሚደርሰው ከላይኛው ጥቂት ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ ውሃ ሳይጐድል የዕፅዋቱ ምግብ ያንሳል። ኢንገንሁዝ የተናገረው በደጃችን ተጽፎ ይነበባል ማለት ነው።

ነገሩ ግን የትምህርት ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰል፣ ግራር ብዙ ዓመት ከአየር የሰበሰበው ካርቦን ነው፤ በምድጃ ላይ በአንድ ምሽት ወደ አየር ይመለሳል። ግራሩ ሲቈረጥ አፈሩን የሚይዘው ሥር ይጠፋል፤ ጐርፍም አፈሩን ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ሲወድቅ በየብስ አንድ ቅጠለኛ ሠራተኛ ይጐድላል፤ በውሃው ላሉትም ብርሃኑ ይቀንሳል።

ቤተ ሰብ ምግቡን የሚያበስልበት ሌላ ማገዶ ሳያገኝ ዛፍ አትቍረጥ ማለት ብቻውን አይበቃም። ለማገዶ የሚሆነውን ለይቶ መትከል፣ በሐይቁ ዳር ያለውን ግራር ግን መጠበቅ፣ ከእኛ ከተማሪዎች ጀምሮ የሁሉም ተግባር ሊሆን ይገባል።