የበሩ ቁልፍና የገበያው ዋጋ፦ ከሐረር መሐለቅ እስከ ሶፍትዌር ኪራይ

ሐረርን የሚከበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደ ተሠራ ይታወቃል። ግንቡ አምስት በሮች ነበሩት። ከዘይላ ወደብ ጨርቅ ጭኖ የመጣ ሲራራ ነጋዴም ሆነ ከአካባቢው ቡና ይዞ የገባ ገበሬ የሚያልፈው በእነዚሁ በሮች ነበር። ማታ በሮቹ ይዘጉና ቁልፎቹ ለአሚሩ ይሰጡ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለሙያ ባልደረቦቼ ላቀርብ የምሻው ጥያቄ ከዚሁ ቁልፍ የሚነሣ ነው፤ የመግቢያውና የመውጫው ባለቤት አንድ ብቻ በሆነበት ገበያ ዋጋን የሚወስነው ማን ነው?

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር በገባ ጊዜ፣ በከተማይቱ የሚሠራበት ገንዘብ መሐለቅ የሚባል ትንሽ የናስ ሣንቲም ብቻ እንደ ነበረ፣ በሌላ ገንዘብ የሚገበያይም ሰው ከአሚሩ ዘንድ ብርቱ ቅጣት እንደሚደርስበት ጽፏል። ከግንቡ ውጭ ግን እስከ ቀይ ባሕር ማዶ ድረስ ነጋዴ ሁሉ የሚያምነው የማርያ ቴሬዛን ብር ነበር። እንግዲህ ነጋዴው በሩን ካለፈ በኋላ፣ በሄደበት አገር የሚቀበሉትን ገንዘብ ትቶ ከከተማይቱ ርቆ ብዙም በማይጠቅም ሣንቲም መገበያየት ግድ ይሆንበት ነበር ማለት ነው።

ግብጻውያን ሐረርን በ1868 ዓ.ም. ይዘው በ1877 ዓ.ም. ሲለቁ ሥልጣኑ ለአሚር አብዱላሂ ተላለፈ። አሚሩም ጥራቱ ዝቅ ያለ አዲስ ሣንቲም አውጥቶ በሕዝቡ ላይ ጫነ፤ ነዋሪውም በዚህ ምክንያት ለድህነት ተዳረገ። አገዛዙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ተሸንፎ ከተማይቱ በምኒልክ እጅ ገባች። መሐለቅ የሚለው ስም ግን በኋላም ለምኒልክ ዘመን ትንሽ የብር ሣንቲም መጠሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ሒሳብና መዝገብ የሚያልፍበት በር ሶፍትዌር ነው። ቀድሞ አንድ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ይሠራበት ነበር። አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋና ዋና የሥዕልና የኅትመት ፕሮግራሞቹን ወደፊት በደንበኝነት ክፍያ ብቻ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ አንዴ ተገዝቶ የሚቀረውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ምርቶቹን በጥቂት ትላልቅ ጥቅሎች አጠቃለላቸው፤ አንዱን ብቻ የሚሻ ደንበኛም የማይፈልገውን አብሮ መግዛት ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የሚያስተምረን የአውስትራሊያው ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ኮፓይሎት የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት በጥቅሉ ውስጥ ጨምሮ የግል ደንበኞችን የዓመት ክፍያ ከ109 ወደ 159 የአውስትራሊያ ዶላር፣ ማለትም በ45 በመቶ ከፍ አደረገው። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ክስ መሠረተ። የክሱም ፍሬ ነገር፣ አዲሱ አገልግሎት ሳይጨመር በቀድሞው ዋጋ መቀጠል የሚቻልበት ምርጫ ከደንበኞች ተሰውሯል የሚል ነበር። ኩባንያው በኋላ ደንበኞቹን ይቅርታ ጠይቆ የገንዘብ ተመላሽ አቅርቧል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን መመልከት ይገባል። ፕሮግራም እንደ ወንበር አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ የጥበቃ ጉድለቱ ዘወትር መታረም አለበት፤ ለዚህም ወጪ አለ። በየዓመቱ ጥቂት መክፈልም ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ብዙ ከማውጣት ሊቀልለው ይችላል። እንግዲያስ ጥፋቱ የዓመት ክፍያ መኖሩ አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ደንበኛው ሰነዶቹን በሻጩ ግንብ ውስጥ ካከማቸ በኋላ፣ መውጣት እንደማይችል ታውቆ ዋጋ ሲጨመርበት ነው።

ለእኛ ጭነቱ ድርብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ100 ዶላር ደንበኝነት ሻጩ አንድ ሣንቲም ሳይጨምርበት ከ5,700 ብር ገደማ ወደ 10,000 ብር በላይ ዘለለ ማለት ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሻጩ ባሕር ማዶ ሲሆን ውል ከመፈራረም በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ ከክስ ይበልጣል።

የሐረር ታሪክ በዚህም ረገድ ትምህርት አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ መሥመሩ የሐረርን ተራራ ትቶ በቆላው በኩል አለፈ። የጀጎል በሮች በቦታቸው እንደ ቆሙ፣ የውጭው ንግድ ቀስ በቀስ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ። የበር ኃይል ሌላ መንገድ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ነውና።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ ፕሮግራም ስትከራዩ ከመግቢያው ዋጋ አስቀድማችሁ የመውጫውን ጠይቁ። ሰነዶቻችሁን በማንኛውም ፕሮግራም በሚከፈት ዐይነት አስቀምጡ፤ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉትንም ነጻ ፕሮግራሞች ሠራተኞቻችሁ እንዲለምዷቸው አድርጉ። የሐረር ነዋሪ ከግንቡ ውጭ የሚያወጣ ገንዘብ በእጁ ይዞ ቢሆን ኖሮ የአሚሩ አዲስ ሣንቲም ያን ያህል ባልጎዳው ነበር።