ከወህኒ ቤት የወጣ ቅባት

የብጉር መድኃኒት ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ትሬቲኖይን የሚለውን ስም ሳታዩት አትቀሩም። ማታ ማታ በአተር ፍሬ ልክ የሚቀባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያቃጥላል፣ ይልጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ያሻሽላል። ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው፤ የሞቱ የቆዳ ሴሎች ቀዳዳውን ደፍነው ወዙን እንዳያፍኑት ያደርጋል። ይሄ ሁሉ መድኃኒቱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ላይ አለ። በማን ቆዳ ላይ እንደተሞከረ ግን ወረቀቱ አይናገርም።

ብጉር ዱሮም ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ሐኪም፣ የአሚዳው ኤቲየስ፣ ጽፎበታል። ሕክምናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበሽታው የባሰ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች ብጉር የወጣበትን ፊት በኤክስሬይ ያክሙ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የካንሰር ጣጣ ተከተለ።

ወደ ቅባቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1951 አልበርት ክሊግማን የተባለ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ሆልምስበርግ ወህኒ ቤት ተጠራ። ምክንያቱ እስረኞቹን ያስቸገረ የእግር ፈንገስ ነበር። ክሊግማን ግን ግቢው ውስጥ ያየው በሽተኛ ሳይሆን ቆዳ ነው። በ1966 ለጋዜጣ ሲናገር ያን ቀን የተሰማውን ለም መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ካየ ገበሬ ስሜት ጋር አመሳስሎታል። ሰዎቹ ለሱ እርሻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ እስከ 1974 ድረስ ሆልምስበርግ የመሞከሪያ ቦታ ሆነ። ሳሙናው፣ ሽቶው፣ ሻምፑው፣ ቅባቱ እስረኞች ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ጀርባቸው እንደ ዳማ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ምልክት የተሞላ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ብዙዎቹ ገና አልተፈረደባቸውም፤ ለዋስትና የሚከፍሉት አጥተው ነው የታሰሩት። ለሙከራው ጥቂት ዶላር ይከፈላቸዋል። እስር ቤት ውስጥ ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው ይሄ «ፈቃደኛ ነህ ወይ» የሚባል ጥያቄ ነው እንዴ?

በጣም የሚከብደው የዳይኦክሲን ሙከራ ነው። ዶው የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ዳይኦክሲን ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈለገ፤ ሥራውን ለክሊግማን ሰጠ። ሐኪሙ ከተስማሙበት መጠን በብዙ መቶ እጥፍ የበለጠውን 10 እስረኞች ላይ ቀባ። ስምንቱ ብጉር አወጡ፤ ለወራት አልለቀቃቸውም። እኛ ለማጥፋት የምንለፋበትን ነገር እነሱ ላይ ሆነ ተብሎ አበቀሉባቸው።

ብጉርና ቸኮሌት አይገናኙም የሚለውን ዝነኛ ጥናትም ሰምታችሁ ይሆናል። በ1969 የታተመ ነው። ከ65ቱ ተሳታፊዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስረኞች ነበሩ፤ ከአዘጋጆቹ አንዱም ክሊግማን ነው። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ከረሜላ ራሱ በስብና በስኳር የተሞላ ስለነበር ጥናቱ በኋላ ብዙ ተተችቷል። ትሬቲኖይን ደግሞ በ1971 በአሜሪካ ለብጉር ተፈቀደ። ክሊግማንንም ዩኒቨርሲቲውንም አበለጸገ።

በ2000 ወደ 300 የሚጠጉ የቀድሞ እስረኞች ከሰሱ። ጊዜው አልፏል ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። ክሊግማን በ2010 እስኪሞት ድረስ ሥራውን ሲከላከል ኖረ። ዩኒቨርሲቲው በ2021፣ የፊላደልፊያ ከተማ በ2022 ይቅርታ ጠየቁ። ያኔ ከሰዎቹ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም።

ይሄን ታሪክ የማነሳው ቅባቱን ጣሉት ለማለት አይደለም። ይሠራል፤ እኔም እቀባዋለሁ። 28 ዓመቴ ነው፤ ብጉሩ ግን የጉርምስና ነው ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ አብሮኝ አለ። «ስታገባ ይለቅሃል» ያላለኝ ዘመድ የለም። የኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ብጉሩ ቢጠፋ እንኳ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። በቪዲዮ ስብሰባ ካሜራ የማይከፍቱ ሰዎች ሁሉ ሰነፎች አይደሉም።

ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ የገረመኝ፣ መስታወት ፊት ስቆም ራሴን የማየው ክሊግማን እስረኞቹን ባየበት ዓይን መሆኑ ነው። ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ፤ እዚህ ሁለት አዲስ፣ እዚያ አንድ የደረቀ። ሰውየውን ትቼ ማሳውን እቆጥራለሁ።

በ2015 ኤም ፎርድ የተባለች እንግሊዛዊት ሜካፕ ያልነካውን ፊቷን በቪዲዮ አሳየች፤ የደረሰባትን ስድብም አብራ አቀረበች። ሚሊዮኖች አዩት። ያ ቪዲዮ ማንንም አላዳነም፤ ግን ብጉር ያለበት ፊት ከነባለቤቱ ታየ።

ቆዳን መቀበል ማለት ሕክምና ማቆም አይመስለኝም። ሐኪም ጋ መሄድ፣ ያዘዘውን መቀባት፣ ሲብስ ጠንካራውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ቅባቱ እስኪሠራ ድረስ ያለው ጊዜም ዕድሜ ነው። ሠርግ የሚኬደው፣ ፎቶ የሚነሳው፣ የወደዱት ሰው የሚያዘው በዚሁ ፊት ነው። የሆልምስበርግ ሰዎችም የጠየቁት ይሄንኑ ነበር፤ ከቆዳቸው በፊት እነሱ እንዲታዩ።